እጅ ሲንቀጠቀጥ፦ ሁሉም መንቀጥቀጥ ፓርኪንሰን አይደለም፤ ስካርም አይደለም

በዚህ ወር የጤናና አመጋገብ ዓምዳችን በየመስጊዱና በየቤቱ ብዙ ጊዜ የምናየውን፣ ነገር ግን በግልጽ የማንነጋገርበትን አንድ የጤና ችግር እንመለከታለን። እሱም የእጅ መንቀጥቀጥ ነው።

አንድ አባት ለዱዓእ እጃቸውን ሲያነሱ ጣቶቻቸው ይርገበገባሉ። ቡና ሲቀርብላቸው ስኒው ከሥሩ ካለው ሰሃን ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል። ባንክ ቤት ለመፈረም እስክሪብቶ ሲይዙ ፊርማቸው አልመሳሰል ብሎ ያስቸግራቸዋል። ይህን ያየ ሁሉ የየራሱን ግምት ይሰጣል። አንዱ «እርጅና ነው» ይላል። ሌላው «ጂን ነክቷቸው ይሆናል» ይላል። ሦስተኛው «ፓርኪንሰን ነው፣ መዳኛም የለው» ብሎ ይደመድማል። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ተደብቀው ሳይጠጡ አይቀሩም» የሚለው ሐሜት ነው። ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ጠብታ መጠጥ ያልቀመሱ ሰው በዚህ ወሬ ምክንያት ከሰው ጋር ቡና መጠጣት ይተዋሉ፣ በሰላት ከመጀመሪያው ሶፍ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ቀስ በቀስም ከጀመዓው ይርቃሉ። በሽታው ራሱ ያላደረሰባቸውን ጉዳት የሰው አፍ ያደርስባቸዋል።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና መልእክት ይህ ነው፦ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ የታወቀ ስም ያለው፣ የማይገድልና በሕክምና ሊቀንስ የሚችል አንድ የነርቭ ችግር አለ። ሐኪም ሳያይና ሳይመረምር ማንም ሰው በሌላው እጅ ላይ ፍርድ መስጠት የለበትም።

ኢሴንሻል ትሬመር ምንድን ነው?

የሕክምና ባለሙያዎች ይህን ችግር ኢሴንሻል ትሬመር ብለው ይጠሩታል። ትሬመር ማለት መንቀጥቀጥ ነው። ኢሴንሻል የሚለው ቃል ደግሞ እዚህ ላይ ሌላ በሽታ ያላመጣው፣ ራሱን ችሎ የቆመ ማለት ነው። ሰውየው እጁን ሲጠቀም ወይም አንድ ቦታ ላይ ዘርግቶ ሲይዝ እጁ በሴኮንድ ከ4 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በሁለቱም እጆች ላይ ነው፤ አንዱ እጅ ግን ከሌላው ሊብስ ይችላል። በአንዳንዶች ላይ ጭንቅላት «አዎ፣ አዎ» ወይም «አይደለም፣ አይደለም» እንደሚል ሰው ይወዛወዛል፤ ድምፅም ይንቀጠቀጣል።

ምንጩ እጅ ሳይሆን አንጎል ነው። አንድን ነገር ስናነሳ እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለው የኋለኛው ትንሹ አንጎል ነው። ይህ ክፍል ከሌሎች የአንጎል ክፍሎች ጋር የሚላላክበት መስመር በሚዛባበት ጊዜ ትእዛዙ ለስላሳ መሆኑ ይቀርና እየተቆራረጠ ወደ ጡንቻ ይደርሳል። ሰውየው «እጄን አረጋጋዋለሁ» ብሎ ቢጥርም አይሆንለትም። እንዲያውም ሰው እያየው መሆኑን ሲያውቅ ይብስበታል።

ይህ ችግር ብርቅ አይደለም። በዓለም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሰዎች በ1 ሰው ገደማ ላይ ይገኛል። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ከ100 ሰዎች ከ4 እስከ 5 ይደርሳል። ነገር ግን የአረጋውያን ብቻ አይደለም፤ በ20ዎቹ ዕድሜ የሚጀምርባቸውም አሉ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ አባታቸው፣ እናታቸው፣ ወንድማቸው ወይም አክስታቸው ተመሳሳይ ችግር እንደነበረባቸው ይናገራሉ። በዘር በሚተላለፍበት ቤተሰብ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ለጋብቻ እንቅፋት የሚሆን ነውር አይደለም። የወረሰውም ሰው ብዙ ጊዜ ቀላል መንቀጥቀጥ ይዞ ሠርቶና ልጆች አሳድጎ ይኖራል።

መንቀጥቀጥ በሕክምና ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፉ ውስጥ መንቀጥቀጥን «ሪዕሻ» በሚል ስም ከነርቭ ሕመሞች ጋር አንስቶታል። እንግዲህ የቀደሙት የሙስሊም ሐኪሞች ነገሩን ከሰውነት ሕመም ቆጥረው መድኃኒት ይፈልጉለት ነበር ማለት ነው።

ከፓርኪንሰን በምን ይለያል?

ሰዎች እጅግ የሚፈሩት ፓርኪንሰንን ነው። የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን የነበረውን ወንድማችንን መሐመድ ዓሊ ክሌይን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ፓርኪንሰን እንዳለበት የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1984 በ42 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ችቦውን ሲለኩስ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። በዚያች ሌሊት ጎልቶ የታየው ችቦ ያልያዘው እጁ መንቀጥቀጥ ነበር። የሁለቱ በሽታዎች ትልቁ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው፤ ፓርኪንሰን በአብዛኛው ሥራ የፈታውን፣ ያረፈውን እጅ ያንቀጠቅጣል። ኢሴንሻል ትሬመር ደግሞ በሥራ ላይ ያለውን እጅ ያንቀጠቅጣል።

ልዩነቶቹን በአጭሩ እንያቸው፦

1. ሰውየው ተቀምጦ እጁን ጭኑ ላይ ሲያሳርፍ፦ በኢሴንሻል ትሬመር መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። በፓርኪንሰን ግን ያን ጊዜ ጎልቶ ይወጣል፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተስቢሕ እንደሚቆጥሩ ይፋተጋሉ።

2. ጽሕፈት፦ በኢሴንሻል ትሬመር ፊደሉ ትልቅና የተንቀጠቀጠ ይሆናል። በፓርኪንሰን ደግሞ እየተጻፈ በሄደ ቁጥር እያነሰና እየተጨማደደ ይሄዳል።

3. አጀማመር፦ ፓርኪንሰን ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል። ኢሴንሻል ትሬመር ሁለቱንም እጅ ይይዛል።

4. ሌሎች ምልክቶች፦ በፓርኪንሰን ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ፊት ስሜት አልባ ይሆናል፣ ሥራ ሁሉ ይዘገያል፤ ከሱጁድ ተነስቶ ለመቆምም ያስቸግራል። በኢሴንሻል ትሬመር እነዚህ አይታዩም።

ፓርኪንሰንም ቢሆን መድኃኒት አለው። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ብዙ ታማሚዎችን ለዓመታት ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የትኛውም ይሁን ፈርቶ ቤት መቀመጥ አይጠቅምም።

እጅ የሚያንቀጠቅጡ ሌሎች ምክንያቶች

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው በሽታውን ለመሰየም ብቻ አይደለም። ቶሎ ሊታከሙ የሚገባቸው ሌሎች ምክንያቶች ስላሉ ነው።

የታይሮይድ ዕጢ፦ ደጋው የአገራችን ክፍል ለረጅም ዘመን በእንቅርት ይታወቃል፤ ምክንያቱም አፈሩና ውኃው አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርት ካለበት ሰው አንዳንዱ ዕጢው ከሚገባው በላይ ይሠራበታል። ያን ጊዜ እጅ በስሱ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ይበዛል፣ ምግብ እየተበላ ሰውነት ይከሳል፣ ሙቀት አልስማማ ይላል። ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመድኃኒትም ይታከማል።

የምንወስዳቸው መድኃኒቶች፦ ለአስም የሚሰጠው ሳልቡታሞል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ለጭንቀትና ለራስ ምታት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን እጅ ሊያንቀጠቅጡ ይችላሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን እንዲሁም ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድ ደግሞ ፓርኪንሰን የመሰለ መገተርና መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። እነዚህን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ይልቁንም ካርቶኑን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ።

የስኳር መውረድ፦ የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበውና ከራበው ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። ይህ ደቂቃ የማይሰጥ ነገር ነው።

ሲወለድ ጀምሮ ጤነኛ የነበረ፣ ዕድሜው ከ40 በታች የሆነ ወጣት መንቀጥቀጥ ሲጀምረው፣ በተለይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ንግግሩ ከተበላሸ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ፣ በሰውነት ውስጥ መዳብ የሚያከማች ዊልሰን የተባለ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ።

የሚከተሉት ካጋጠሙ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦ መንቀጥቀጡ ድንገት ከጀመረ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተያዘ፣ ትኩሳትና መቃዠት ካለ፣ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ።

በቤትዎ የሚያደርጉት ቀላል ፍተሻ

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ያድርጉ። ለምርመራው ብዙ ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ተቀምጠው እጆችዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉና ከ100 ወደ ታች ይቁጠሩ። ያረፈው እጅ ይንቀጠቀጣል ወይ? ሁለተኛ፣ ሁለቱንም እጆችዎን ወደ ፊት ዘርግተው ለግማሽ ደቂቃ ይያዙ። ሦስተኛ፣ ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሌላው ውኃ ይገልብጡ። አራተኛ፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ሳያስደግፉ በነጭ ወረቀት ላይ የቀንድ አውጣ ቤት የመሰለ ጥምዝ ሥዕል በቀኝም በግራም እጅ ይሳሉ፤ ከሥሩም ስምዎን ይጻፉ። ወረቀቱ ላይ ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡት። ከ6 ወር በኋላ ደግመው ሲሥሉ በሽታው ጨምሮ ወይም መድኃኒቱ ረድቶ እንደሆነ ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል።

ሕክምናው የት ይጀመራል?

በአገራችን የነርቭ ስፔሻሊስቶች ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ይሁን እንጂ ኢሴንሻል ትሬመርን ለመለየት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ታሪክ በደንብ የሚጠይቅና ሰውነትን የሚመረምር ጠቅላላ ሐኪም ነው። በራጅ ወይም በደም ተመርምሮ «ይኸው ተገኘ» የሚባል በሽታ አይደለም። የደም ምርመራው የሚጠቅመው የታይሮይድንና የመሳሰሉትን ምክንያቶች ለማስወገድ ነው።

በዞናችን ያላችሁ አንባብያን በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ትችላላችሁ። ከዚያ የዳንግላ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና የእንጅባራ ጠቅላላ ሆስፒታል አሉ። ጉዳዩ ከበድ ካለ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይላካሉ፤ ይህም ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከእንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ አይሂዱ፤ ወጪው በራስዎ ላይ እንዳይወድቅ።

ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከላይ የተናገርነውን የሥዕል ወረቀትና ከዘመድ ወገን ማን እንደሚንቀጠቀጥ የሚገልጽ ማስታወሻ ይያዙ።

መድኃኒቱና ጥንቃቄው

ቀላል መንቀጥቀጥ ያለበት፣ ሥራውን ያልከለከለው ሰው መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል። በሽታውን ማወቁ ብቻ ጭንቀቱን ያቃልልለታል። መብላት፣ መጻፍ ወይም መሥራት ካስቸገረ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ነው። ይህ ለደም ግፊትና ለልብም የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። ከሚወስዱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ይሻላቸዋል፤ መንቀጥቀጡንም በግማሽ ገደማ ሊቀንሰው ይችላል። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ በሽታውንም ከሥሩ አይነቅልም። ሐኪሙ በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል።

ይህን መድኃኒት ከጎረቤት ተበድረው አይውሰዱ፤ ምክንያቱም፦

አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። አስም ካለብዎ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚናገሩት ይህንን ይሁን።

የስኳር ሕመምተኛ ላይ የስኳር መውረድ ምልክት የሆኑትን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ ሊደብቅ ይችላል።

የልብ ምትን ያዘገያል፤ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ከሩኩዕ ወይም ከሱጁድ ሲነሱ ዓይንዎን ካዞረዎት ለሐኪም ይናገሩ፤ እስከዚያው ቀስ ብለው ይነሱ።

በድንገት አይቋረጥም፤ በተለይ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተደጋጋሚ መንገድ ሲዘጋ አይተናል። ስለዚህ ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሳይሆን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይግዙ።

ፕሮፕራኖሎል ለማይስማማው ሰው ፕሪሚዶን ወይም ቶፒራሜት የተባሉ፣ ለሚጥል በሽታም የሚያገለግሉ መድኃኒቶች አሉ። በሁሉም ፋርማሲ ላይገኙ ስለሚችሉ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመውለድ የምታስብ እህት ማንኛውንም ከመጀመሯ በፊት ትናገር።

በውጭ አገር መንቀጥቀጡ ለበረታባቸው ሰዎች በአንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ በኤሌክትሪክ የማረጋጋት ሕክምና ይሰጣል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ የጀመሩት ፕሮፌሰር አሊም ሉዊ ቤናቢድ ናቸው። ራስ ቅል ሳይከፈት በድምፅ ሞገድ የሚደረግ ሕክምናም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ተፈቅዷል። እነዚህ ለጥቂቶች የሚያስፈልጉ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው በክኒንና በኑሮ ዘዴ ይረዳል።

«ትንሽ ቅመስ፣ ይተውሃል» ለሚሉ

ኢሴንሻል ትሬመር በአልኮል ለጥቂት ሰዓት ረገብ እንደሚል በሕክምና ይታወቃል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰዎች በቅንነትም ይሁን በቀልድ «ትንሽ አረቄ ቅመስ» ብለው ይመክራሉ። መጠጥ በሃይማኖታችን ሐራም ነው፤ መጠጥ መድኃኒት አለመሆኑንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሕክምናውም ቢሆን አይመክረውም። ስካሩ ሲወጣ መንቀጥቀጡ ብሶ ይመለሳል፣ መጠኑ በየጊዜው ይጨምራል፣ መጨረሻው ሱስና የጉበት ሕመም ነው። የሚረዳ ክኒን እያለ ይህን መንገድ የሚያስመርጥ ችግር የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሐኪሙ «መጠጥ ሲጠጡ ይቀንስልዎታል?» ብሎ ሊጠይቅዎ ይችላል። ይህ ስድብ ወይም ጥርጣሬ አይደለም፤ በሽታውን ለመለየት ሁሉም ሕመምተኛ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። «አልጠጣም» ብሎ በቀላሉ መመለስ ነው። ምርመራው በዚህ ምክንያት አይጓደልም።

ቡና፣ ጫትና ምግብ

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስቱንም ስኒ በባዶ ሆድ ስንጠጣ ጤነኛ እጅም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ኢሴንሻል ትሬመር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሊብስ ይችላል። ቡና ፈጽሞ ይቅር አንልም፤ ግን ለ2 ሳምንት ቀንሰው ይሞክሩ፤ ልዩነት ካዩ በአቦል ብቻ ይብቃዎ። ጫትም ያው ነው፤ ያነቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ በማግሥቱ እጅ ይበልጥ ይርገበገባል። ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ንዴት፣ ድካምና ብርድም ያባብሱታል። እንደ እንጅባራ ባለው ብርዳም ደጋ ጠዋት ሲወጡ እጅን በጓንት ወይም በጋቢ ማሞቅ ትንሽ የሚመስል ግን የሚረዳ ነገር ነው።

መንቀጥቀጥን የሚያድን የተለየ ምግብ የለም። ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ተልባ እንደ ምግብ መልካም ናቸው፤ የሐኪምን መድኃኒት ግን አይተኩም። የሚጠቅመው ምግብን በሰዓቱ መብላት ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከጭስና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት፤ አዮዲኑ እንዳይተን። ይህ ኢሴንሻል ትሬመርን ባይከላከልም ልጆችን ከእንቅርት ይጠብቃል።

ለዕለት ኑሮ የሚረዱ ዘዴዎች

ስኒውን ግማሽ ድረስ ብቻ ይቅዱ፤ ከስኒ ይልቅ እጀታ ያለው ከበድ ያለ ኩባያ ይሻላል። ሲጠጡ ክርንዎን ከጎንዎ ጋር ያጣብቁ፤ በሁለት እጅ ይያዙ። ሾርባ በማንኪያ ከሚሆን በኩባያ ይጠጡ። በእንጀራ መብላታችን ትልቅ እድል ነው፤ ወጡ ወፈር ያለ ይሁን። የፈላ ጀበናና የሞቀ ዘይት ሌላ ሰው ያንሳ።

እስክሪብቶ ላይ ጨርቅ ወይም ፕላስተር ጠቅልለው ያወፍሩት። ፊርማ አልመሳሰል ካለ ባንኩን በጣት አሻራ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። በስልክ ከመጻፍ በድምፅ መልእክት መላክ ይቀላል። ልብስ ሰፊ የሆኑ ወንድሞች ክሩን ልጅ ወይም ተለማማጅ ያስገባላቸው፤ ነጋዴዎችም ሲመዝኑ ዕቃውን ሚዛኑ ላይ አሳርፈው እጃቸውን ያንሱ።

ውዱእ ሲያደርጉ ከከባድ ማሰሮ ይልቅ ከቧንቧ ወይም ከትንሽ ሃይላንድ ውኃ መጠቀም ይቀላል። ቁርኣን ሲቀሩ ሙስሐፉን በእጅ ከመያዝ በመደገፊያ ላይ ያስቀምጡ። በሰላት ውስጥ ጣት ወይም ጭንቅላት ቢንቀጠቀጥ ያለ ፈቃድ የመጣ ነውና አይጨነቁ፤ ዝርዝሩን የሰፈራችሁን ኢማም ጠይቁ።

ረመዷን ሲመጣ

ኢሴንሻል ትሬመር ብቻ ያለበት አብዛኛው ሰው መጾም ይችላል። ሆኖም በሻዕባን ወር ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ክኒኑን በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይቻላል። ቡና የሚያዘወትሩ ከረመዷን ሁለት ሳምንት ቀድመው ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ በድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታትና መነጫነጭ ያመጣል። ሱሑርን አይዝለሉ።

የስኳር ሕመምተኛ ሆነው እየጾሙ ከተንቀጠቀጡና ካላበዎት ወዲያው ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙን ያፍርሱ። መለኪያ ከሌለም ምልክቱ ከተሰማዎት አይጠብቁ፤ ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ። ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ የአላህ እዝነት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጂን ቢሆንስ?
መልስ፦ ቁርኣን መቀራትና ዱዓእ ማድረግ ለማንኛውም ሕመምተኛ መጽናኛ ነው፤ ከሕክምና ጋርም አይጋጭም። ሰውየውን መምታት፣ በጭስ ማፈን ወይም መድኃኒቱን ማስጣል ግን ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ እየባሰ ይሄዳል ወይ?
መልስ፦ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሊጨምር ይችላል። አይገድልም፤ በአብዛኛው ሰው ላይም ወደ ፓርኪንሰን አይለወጥም። አዲስ ምልክት ሲታይ ግን ደግሞ መመርመር ይገባል።

ጥያቄ፦ ልጄ መድረሳ ውስጥ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ላድርግ?
መልስ፦ በልጅነትም ሊጀምር ስለሚችል ያስመርምሩት። ኡስታዙ እንዳይቆጣውና በልጆች ፊት እንዳያሳፍረው ይንገሯቸው፤ ፍርሃት ይበልጥ ያንቀጠቅጠዋልና።

በመጨረሻም

ውድ አንባብያን፣ በመስጊዳችሁ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት ወይም እናት ካሉ ስኒውን ግማሽ ቀድታችሁ አቅርቡላቸው፤ እጃቸውን አታፍጥጡበት፤ ከሶፉ ወደ ኋላ ሲሸሹ ካያችሁ በአክብሮት ወደ ቦታቸው መልሷቸው። ስለ እነሱ የሚወራ ሐሜት ስትሰሙ «ይህ ሕመም ነው፣ ስምም መድኃኒትም አለው» በሉ። ከዚያም ወደ ጤና ተቋም አብራችኋቸው ሂዱ፤ ለብቻ የሚፈራው መንገድ ከልጅ ወይም ከጎረቤት ጋር ሲሆን ይቀላል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው፤ እኛንም ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።